በስልክ ስለምትመክር ነርስ

ልጆች ሆይ፤ የነርስ ሥራ ቍስል ማጠብና መድኃኒት መስጠት ብቻ አይምሰላችሁ። በሽተኛውን ሳታይና ሳትዳስስ፥ በጆሮዋና በአንደበቷ ብቻ የምትረዳ ነርስም አለች።

በእንግሊዝ አገር፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 ዓመት፥ ኤን ኤች ኤስ ዳይሬክት የተባለ የስልክ የጤና ምክር ተጀመረ። ነርሶች ሌሊትና ቀን ለሚደውለው ሁሉ ይመልሱ ነበር። ይህ በ2014 ተዘጋ፤ በስፍራውም 111 የሚባለው ቍጥር ተተካ። በዚህ ቍጥር በመጀመሪያ የሚመልሱት ጥያቄ ማቅረብን የተማሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ነገሩ ሲከብድ ወደ ነርስ ወይም ወደ ሐኪም ያሳልፉታል። ነፍሱ ለሞት ለቀረበች ሰው ግን 999 የሚባል ሌላ ቍጥር አለ።

እንግዲህ ሥራዋን አስተውሉ። በእኩለ ሌሊት አንዲት እናት ደወለች እንበል። የልጅዋ ገላ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ሽፍታም ወጥቶበታል። ከድንጋጤዋ የተነሣ ቃሏ ይቈራረጣል። ነርሲቱ ግን አትቈጣም፤ አትቸኵልምም። ዕድሜው ስንት ነው? ይጠጣልን? ሲጠሩት ይነቃልን? አተነፋፈሱ እንዴት ነው? እያለች በተራ ትጠይቃለች። ቀጥላም፥ «የብርጭቆውን ጎን በሽፍታው ላይ ተጫኚና ተመልከቺ» ትላታለች። ሽፍታው በብርጭቆው ሥር ካልጠፋ፥ የአንጎልን ሽፋን የሚያሳብጥ ወይም ደምን የሚመርዝ ብርቱ በሽታ ሊሆን ይችላልና ወዲያው አምቡላንስ ይጠራል። ሽፍታው ቢጠፋም፥ ልጁ እጅግ ከደከመ ሐኪም ሳይውል ሳያድር ሊያየው ይገባል።

ሌላው ደግሞ እጁን እሳት ያቃጠለው ሰው ነው። «ቅቤ አትቀባ፤ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ አፍስስበት» ትለዋለች። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ በጊዜው የተነገረ ትንሽ ምክር ብዙ ሥቃይን ያስቀራል።

የዚህ ሥራ ዋጋው ምንድር ነው? ደመወዝ አለው፤ ነገር ግን ከደመወዝ የሚበልጥም አለ። በመጀመሪያ ሲንቀጠቀጥ የነበረው የእናት ድምፅ ቀስ በቀስ ሲረጋ መስማት ታላቅ ደስታ ነው። ሁለተኛ፥ አሁን ስለ ሕፃን፥ ጥቂት ቈይቶ ስለ ሽማግሌ ትጠየቃለችና ዕውቀቷ ዕለት ዕለት ይጨምራል። ሦስተኛ፥ ወገባቸውን ታመው በሽተኛ ማንሣት የማይችሉ ነርሶች፥ በብዙ ዓመት ያገኙት ጥበብ ከንቱ ሳይሆን ሰውን ይጠቅሙበታል።

ነገር ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልጁ እንደ ዳነ ብዙ ጊዜ አትሰማም፤ ፊቷን አይቶ የሚያመሰግናትም የለም። እርስዋ ግን የሚገባውን በጥንቃቄ አድርጋ ወዲያው ሌላውን የሚጠራትን ትሰማለች። ፍሬውን ሳያዩ ዘርን በደኅና መዝራት ይህ ነው።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፤ ሳትመልሱ አስቀድማችሁ መስማትን ልመዱ። በታመማችሁም ጊዜ የሚሰማችሁን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ተናገሩ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።

ጥያቄ።
1. ነርሲቱ በሽተኛውን ሳታይ ሁኔታውን በምን ታውቃለች?
2. ሽፍታው በብርጭቆው ሥር ካልጠፋ ምን ይደረጋል?
3. የሥራዋን ፍጻሜ ሳታይ ስለ ምን ደስ ይላታል?