ጐረቤት ከጐረቤት ተያይዞ ኢንተርኔትን ስለ ማግኘቱ

ኢንተርኔት ማለት በዓለም ላይ ያሉ ኰምፒዩተሮችና ስልኮች እርስ በርሳቸው የሚላላኩበት ታላቅ መረብ ነው። መረብ መባሉም የተገባ ነው፤ የዓሣ መረብ ከብዙ ክር ተቋጥሮ እንዲሠራ፥ ይህም ከብዙ ታናናሽ መረቦች ተጋጥሞ የተሠራ ነውና። ለታላቁ መረብ አንድ ጌታ የለውም፤ ለየታናሹ መረብ ግን ባለቤት አለው። በብዙ አገር ሰው ከቤቱ ኾኖ ወደ ኢንተርኔት ለመግባት ሲሻ፥ ገመድ ዘርግቶ ወይም የራዲዮ ምሰሶ ተክሎ ለሚያገለግል ኵባንያ በየወሩ ዋጋ ይከፍላል። ኵባንያ ግን የሚኖረው በትርፍ ስለ ኾነ፥ ቤት በተራራቀበትና ሰው ባነሰበት ስፍራ ገመድ ለመዘርጋት ይዘገያል። እንግዲህ ኵባንያ ያልደረሰለት ገበሬ ምን ያድርግ? የዚህ ትምህርት ነገር ይህ ነው።

1. የጉርብ ገበሬዎች

በእስጳንያ አገር በካታሎንያ ግዛት ኦሶና የሚባል ወረዳ አለ፤ ዋና ከተማውም ቪክ ይባላል። ከቪክ አጠገብ ጉርብ የሚባል የገበሬ ቀበሌ ይገኛል። የዚያ አገር ቤቶች ብዙዎቹ በአንድ ስፍራ የተሰበሰቡ ሳይኾኑ በየእርሻው መካከል ተበታትነው የተሠሩ ናቸው። በከተማ የሚኖረው ሰው ፈጣን ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ፥ የእነዚህ እርሻዎች ባለቤቶች ወደ ኋላ ቀሩ። ከዚህ የተነሣ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የኰምፒዩተር ዐዋቂ የነበረው ራሞን ሮካ ከጐረቤቶቹ ጋራ ኾኖ የራሳቸውን መረብ መዘርጋት ጀመረ። የመረቡም ስም ጊፊኔት ተባለ።

2. የመሣሪያው አሠራር

መዠመሪያ የተሠራበት መሣሪያ ዋይፋይ የሚባለው ታናሽ ራዲዮ ነው። ይህ ራዲዮ በ1 ሴኮንድ ውስጥ 2.4 ቢሊዮን ወይም 5 ቢሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ሞገድ ያወጣል፤ ሞገዱም እንደ ብርሃን በ1 ሴኮንድ 300 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በቤት ውስጥ የተቀመጠ ዋይፋይ ኀይሉ ወደ ዙሪያው ኹሉ ስለሚበተን ከጥቂት ክፍል አያልፍም። ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብ አንቴና በጣራ ላይ ቢተከል ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ይሻገራል። ይህም እንደ ኵራዝና እንደ እጅ ባትሪ ነው። የኵራዝ ብርሃን በዙሪያው ተበትኖ ቅርቡን ብቻ ያሳያል፤ የእጅ ባትሪ ግን መስተዋቱ ብርሃኑን ስለሚሰበስበው ሩቁን ያሳያል።

ኹለቱ አንቴናዎች ሊተያዩ ይገባል። ኰረብታ ወይም ቅጠሉ የበዛ ዛፍ በመካከል ቢቆም ሞገዱ ይደክማል፤ ወይም ፈጽሞ ይቀራል። ስለዚህ ቤቱ በሸለቆ ያለ ሰው መልእክቱን በኰረብታ ላይ ላለው ጐረቤቱ ይልካል፤ ያም ተቀብሎ ለሦስተኛው ያሳልፋል። በደጋ አገር ሰው ከኰረብታ ወደ ኰረብታ እየተጣራ ወሬ እንዲያቀባብል፥ እነዚህም ራዲዮዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ቤት የመረቡ ቋጠሮ ነው። በብዙ መንገድ የተያያዘ ቋጠሮ አንዱ መንገድ ቢበጠስበት፥ መልእክቱ በሌላው ዞሮ ይደርሳል። በአንድ መንገድ ብቻ የተያያዘው ግን ያ መንገድ ሲበጠስ ብቻውን ይቀራል።

3. ወደ ዓለም ስለሚያወጣው በር

ጐረቤት ከጐረቤት መያያዙ ብቻውን ወደ ኢንተርኔት አያደርስም፤ የመንደር መንገድ ወደ ዐውራ ጐዳና ካልወጣ ገበያ እንደማያደርስ ነው። በመዠመሪያው ጊዜ አስቀድሞ ኢንተርኔት የነበራቸው አንዳንድ ሰዎችና መሥሪያ ቤቶች ለቀሩት በር ኾኑላቸው። ኋላ ግን መረቡ በበረታ ጊዜ፥ ብዙ መረቦች በአንድ ስፍራ ተገናኝተው ወደሚለዋወጡበት ወደ ባርሴሎና ጣቢያ የራሱን መንገድ አወጣ። በዚያም የኢንተርኔቱን መተላለፊያ በጅምላ ገዝቶ ለአባሎቹ ማካፈል ተቻለው።

ከዚህ እንደሚታወቀው፥ ያለ ኵባንያ መግባት ማለት ያለ ዋጋ መግባት ማለት አይደለም። ራዲዮው ይገዛል፤ የኤሌክትሪክ ዋጋ ይከፈላል፤ ነፋስ ያጣመመውን አንቴና የሚያቀና ሰው ያስፈልጋል። ልዩነቱ፥ ወጪውንና ሥራውን የሚሸከሙት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው መኾናቸው ነው።

4. የመረቡ ሕግ

የጋራ ነገር በቶሎ ይጠፋል። በመንደር መካከል ያለ ምንጭ ኹሉ የሚቀዳው ማንም የማይጠርገው ከኾነ፥ ጥቂት ቈይቶ ይደፈርሳል። እንዲሁም ከቀናው ይልቅ የሚያጣምመው ኀይለኛ ሰው ውሃውን ወደ ራሱ እርሻ ቢመልሰው፥ ታች ያለው ጐረቤት ይጠማል። ጊፊኔትም በእነዚህ በኹለቱ ነገሮች እንዳይጠፋ ሕግ ተሠራለት።

በሕጉ መሠረት ማንም ሰው ወደ መረቡ ለመግባት ይችላል፤ የሚገባውም የራሱን ቋጠሮ በዚያው ሕግ ለሌሎች ክፍት ሊያደርግ ይገባዋል። በቤቱ የሚያልፈውን የጐረቤቱን መልእክት ሊዘጋ ወይም ሊያበላሽ አይፈቀድለትም። መረቡ እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ ለሚፈልግ ኹሉ አሠራሩ የተገለጠ ነው። በ2008 ዓ.ም. ይህን ሕግ የሚጠብቅ አንድ ድርጅት ተቋቋመ፤ ድርጅቱም በአገሩ መንግሥት ዘንድ የመገናኛ ሠራተኛ ኾኖ ተመዘገበ።

ነጋዴም ከዚህ መረብ አልተከለከለም። መረቡን እየጠገኑ፥ ለአባሎችም እያገለገሉ እንጀራቸውን የሚያበስሉ ታናናሽ ድርጅቶች አሉ። ነገር ግን በየጊዜው ሒሳብ ይደረጋል፤ በመረቡ ብዙ ተጠቅሞ ጥቂት የሠራ ይከፍላል፥ ብዙ ሠርቶ ጥቂት የተጠቀመም ይካሳል። እንዲህ ባይኾን ኖሮ ትጉሁ ሰው ለሰነፉ ባሪያ ኾኖ ሲደክም ሥራውን በተወው ነበር። ደቦ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ለማስተዋል አይቸገርም፤ በጐረቤቱ እርሻ ላልወጣ ሰው በእርሱ እርሻ የሚወጣለት የለምና።

5. ከራዲዮ ወደ መስተዋት ክር

ሰው በበዛ ጊዜ የራዲዮው መንገድ ጠበበ። ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. የጉርብ ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው ፋይበር የሚባለውን ገመድ ወደ እርሻቸው መዘርጋት ጀመሩ። ፋይበር እንደ ጠጕር የቀጠነ የመስተዋት ክር ነው፤ መልእክቱም በውስጡ በብርሃን ይሄዳል። ዛፍም ኰረብታም አያግደውም፤ የሚሸከመውም ከራዲዮ እጅግ ይበልጣል። በ2015 ዓ.ም. የአውሮጳ ኅብረት ኰሚሲዮን ለዚህ ሥራ ሽልማት ሰጠ። በጥቂት ቤቶች የተዠመረውም መረብ በ2016 ዓ.ም. ከ30 ሺሕ የሚበልጡ ቋጠሮዎች ነበሩት።

6. ማስጠንቀቂያ

ይህን የሚያነብ ተማሪ አሠራሩን ለማወቅ ይትጋ፤ ነገር ግን የየአገሩ ሕግ የተለያየ መኾኑን ይወቅ። በእስጳንያ የዋይፋይ ራዲዮ ኀይሉ ከተወሰነለት እስካላለፈ ድረስ ለእያንዳንዱ ሰው ልዩ ፈቃድ ሳያስፈልግ ይሠራበታል። በኢትዮጵያ ግን የመገናኛ አገልግሎት ለሕዝብ ለመስጠት የሚያስብ ሰው፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የጉርብ ሰዎች ዕውቀት ያለው በዕውቀቱ፥ ገንዘብ ያለው በገንዘቡ፥ ከፍ ያለ ጣራ ያለው በጣራው ረዱ። አንቴናውን ማንም ከገበያ ሊገዛው ይችላል፤ ተስማምቶ መሥራትና የተስማሙበትን መጠበቅ ግን በገበያ አይገኝም። ሕጉ ባይጠበቅ ኖሮ መረቡ በጣራ ላይ የቀረ ብረት በኾነ ነበር።

ጥያቄ

1. ኵባንያ ቤት በተራራቀበት ስፍራ ገመድ ለመዘርጋት የሚዘገየው ስለ ምን ነው?
2. የኵራዝና የእጅ ባትሪ ምሳሌ የሚያስተምረው ምንድር ነው?
3. ጐረቤቶች እርስ በርሳቸው ከተያያዙ በኋላ ደግሞ በር የሚያስፈልጋቸው ለምንድር ነው?
4. በቀበሌህ በጋራ የሚጠበቅ ምንጭ ወይም መንገድ ቢኖር፥ የሚጠበቅበትን ደንብ ከሽማግሌዎች ጠይቀህ ጻፍ፤ ከጊፊኔትም ሕግ ጋራ አስተያየው።