ስምዎን ለሌላ ነጋዴ ሲያጋሩ፦ ውሉን በአንድ ሰነድ ላይ አብሮ ለመጻፍ

አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው በሚገናኙበት የሰንበቴ የእሁድ ገበያ ደንበኛ ስም ተከትሎ ይመጣል። በርበሬዎ ስም አወጣ እንበል። ከከሚሴ አንድ ነጋዴ መጥቶ «በእርስዎ ስም ልሽጥ፣ ከሽያጩ እከፍልዎታለሁ» ቢልዎት የጠየቀዎት ፍራንቻይዝ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1899 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ ጠበቆች ኮካኮላን በጠርሙስ እያሸጉ የመሸጥ መብት በ1 ዶላር ተዋዋሉ። ኩባንያው የሚያቀርበው ሽሮፑን ብቻ ነበር። ግን የሽሮፑ ዋጋ ተቆርጦ፣ የውሉ ማብቂያ ሳይጻፍ ቀረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር ተወደደ፣ ከጦርነቱም በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንድ ያልተጻፈ መስመር ይህን ያህል ያስከፍላል። ስለዚህ በዘመድና በሽማግሌ ፊት በቃል ከመጨረስ ይልቅ እንዲህ ያድርጉ።

1. ስሙን መጀመሪያ የራስዎ ያድርጉ። ንግድ ጽሕፈት ቤት ያስመዘገቡት የንግድ ስም ሌላ፣ የንግድ ምልክት ሌላ ነው። ምልክቱ የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ነው። ኢትዮጵያ የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና ስሞችን በውጭ አገር ለማስመዝገብ የታገለችውና በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተፈራረመችው የስም ባለቤትነት ገንዘብ ስለሆነ ነው።

2. አንድ ሰነድ ብቻ ይክፈቱ። ሁለታችሁም የጂሜይል አድራሻ ካላችሁ በጉግል ዶክስ መጻፍ በነጻ ነው። ፋይል በቴሌግራም አትላላኩ፤ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራ እንዳይቆም ሰነዱ ከመስመር ውጭ እንዲከፈት በስልክዎ ላይ ያዘጋጁት።

3. ማን ምን እንደሚነካ ይወስኑ። «ሼር» ሲሉ ተዋዋይዎን «ኮሜንተር» ያድርጉት። ሐሳቡን ሁሉ መጻፍ ይችላል፤ እርስዎ ካልተቀበሉት ግን ዋናው ጽሑፍ አይለወጥም። ምስክሮች ወይም ሽማግሌዎች ማየት ብቻ ይበቃቸዋል። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲከፍተው አይፍቀዱ።

4. ቋንቋውን ይወስኑ። ሰንበቴና ከሚሴ በሚገኙበት ዞን የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ብዙ ነጋዴ ደግሞ በአማርኛ ይጽፋል። ሁለቱንም በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ትርጉሙ ቢለያይ የትኛው እንደሚጸና በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው፤ ክርክር ሲነሳ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው።

5. ጥራቱን በሚታይና በሚመዘን ነገር ይጻፉ። ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ይቆዩ። «በርበሬው ንጹሕና ጥሩ ይሆናል» የሚል አንቀጽ አያስጠይቅም፤ ለሁሉም የራሱ በርበሬ ጥሩ ነው። እንዲህ ቢሆንስ? «በርበሬው ተለቅሞ፣ ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈጫል። ከእያንዳንዱ ፈረሱላ፣ ማለትም ከ17 ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ ናሙና ለስሙ ባለቤት ይላካል። ናሙናው ካልተፈቀደ ያ ፈረሱላ በዚህ ስም አይሸጥም።» ተዋዋይዎ «ግማሽ ኪሎ በዛ፣ ሩብ ይሁን» ብሎ ኅዳጉ ላይ ቢጽፍ እዚያው ይመልሱለት፤ ማን መቼ ምን እንዳለ ተመዝግቦ ይቀራል።

የቅመሙን ምጣኔ ግን ሰነዱ ውስጥ አያስገቡ። ኮሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱንና በሶብላውን ሰንበቴ ላይ ራስዎ ፈጭተው፣ ደባልቀው ይላኩለት። ኮካኮላም የሸጠው ሽሮፑን እንጂ አሠራሩን አልነበረም።

6. ገንዘብና ጊዜ። ክፍያው ከሽያጭ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ በየስንት ጊዜ እንደሚተሳሰብ፣ የቅመሙ ዋጋ በየስንት ወር እንደሚከለስና ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ጻፉ። ለዘገየ ክፍያ ወለድ የሚመስል ቅጣት ባያስገቡ ይሻላል፤ በአካባቢው ብዙ ሙስሊም ነጋዴ አይቀበለውም፣ ልክም ነው። «ሒሳብ እስኪዘጋ ቅመም አይላክም» ማለት ከቅጣቱ ይበረታል። ውሉ ሲቋረጥ የሱቁ ታፔላና የታተመው ማሸጊያ በስንት ቀን እንደሚነሳም ይግባ።

7. ዝጉትና ፈርሙ። በኮምፒውተር የሰነዱን የለውጥ ታሪክ ከፍታችሁ አብራችሁ እዩ፤ የተስማማችሁበትን ቅጂ በቀኑ ሰይማችሁ አስቀምጡ። ከዚያ አትማችሁ በእጅ ፈርሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1727 በጽሑፍ ለሚደረግ ውል ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃል፤ እነሱም ይፈርሙ። ከዚያ በኋላ የተዋዋይዎን ፈቃድ ወደ ማየት ብቻ ይለውጡ። ቀጥሎ የሚመጣ ማሻሻያ ካለ በተጨማሪ ውል፣ በአዲስ ሰነድ ይጻፍ።