የወረት አስተዳዳሪዋ ወይዘሮ ሄሌና ሞሪሲና የዲሬክተሮች ቦርድ ጉዳይ

የሰውን ገንዘብ በአደራ ተረክቦ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ ማዋል በለንደን ከተማ ታላቅ የንግድ ሥራ ነው። የዚህ ሥራ ኃላፊ እንደኛ ነጋዴ መጋዘን የለውም፤ የሚሸጠው ሸቀጥ ፍርዱ ነው። ታዲያ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት የተማሩ፣ አንድ ዓይነት ሐሳብ የሚያስቡ ሲሆኑ ፍርዱ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ በለንደን ገበያ መካከል አጥብቀው ካነሡት ሰዎች አንዷ ወይዘሮ ሄሌና ሞሪሲ ናቸው።

ወይዘሮ ሄሌና በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተወልደው፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ከተማሩ በኋላ ሽሮደርስ በተባለው ድርጅት ተቀጥረው በኒውዮርክና በለንደን ሠሩ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልደው ወደ ሥራ በተመለሱ ጊዜ የጠበቁት እድገት ቀረባቸው። ምክንያቱን ቢጠይቁ፣ በሥራቸው ጉድለት እንዳልተገኘ፣ ነገር ግን ሕፃን ስለያዙ ትጋታቸው እንዳጠራጠረ እንደተነገራቸው ራሳቸው በአደባባይ ገልጸዋል። እንዲህ ያለው ምክንያት በቃል ይነገራል እንጂ በደብዳቤ ተጽፎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ከፋይል አይገባም፤ የጽሕፈት ቤት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። ስለዚህም ድርጅቱ ምን ያህል ሠራተኛ በዚህ መንገድ እንዳጣ ሒሳቡን ሊያገኘው አይችልም።

በ1994 ኒውተን ወደተባለው የወረት አስተዳደር ድርጅት ተዛወሩ። በ2001፣ ገና በ35 ዓመታቸው፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው እስከ 2016 መሩት። ጋዜጦች የዘጠኝ ልጆች እናት መሆናቸውን አብዝተው ይጽፋሉ፤ ባለቤታቸው የራሳቸውን ሥራ ትተው ቤትና ልጆች መጠበቃቸውን ግን እንደ ትንሽ ነገር ያልፉታል። ዋናው ምስጢር ግን እዚያ ያለ ይመስለኛል።

በ2010 የሠላሳ በመቶ ክለብ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ በለንደን አክሲዮን ገበያ ከታወቁት 100 ታላላቅ ኩባንያዎች የዲሬክተሮች ቦርድ አባላት መካከል ሴቶች ከመቶ 12 ያህል ብቻ ነበሩ። ሠላሳ የተባለበትም ምክንያት አለው፤ በጉባኤ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ስትናገር የሴቶች እንደራሴ ተደርጋ ትታያለች፤ ቁጥሩ ወደ ሢሶ ሲጠጋ ግን የሚመዘነው የተናጋሪዋ ሐሳብ ይሆናል ተብሎ ታምኖ ነው። ኖርዌይ ከመቶ 40 እንዲሆን በሕግ አስገድዳ ነበር። ወይዘሮ ሄሌና ግን ግዴታውን አልወደዱትም። የመረጡት መንገድ የቦርድ ሊቃነ መናብርትን ራሳቸውን ማሳመን ነበር። ሊቃነ መናብርቱ ከጥቂቶች በቀር ወንዶች ነበሩ፤ የሹመቱም ቁልፍ በእጃቸው ነበረ። ያቀረቡላቸውም ክርክር የርኅራኄ ልመና አልነበረም። በ2008 የገንዘብ ገበያው ሲናጋ፣ በየባንኩ ቦርድ ተመሳሳይ ሰዎች ተሰብስበው «ይህ ነገር አያዋጣም» የሚል ተቃዋሚ መጥፋቱን ጠቅሰው፣ የአደራ ገንዘብ የያዘ ሰው ይህን አደጋ ችላ ሊል አይገባም አሉ።

በ2011 ሎርድ ዴቪስ ለመንግሥት ባቀረቡት ጥናት እስከ 2015 ከመቶ 25 እንዲደረስ ጠየቁ፤ ያለ አስገዳጅ ሕግም ከመቶ 26 ተደረሰ። ሆኖም ቁጥሩ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከተጨመሩት ሴቶች አብዛኞቹ ከውጭ መጥተው በስብሰባ ቀን ምክር የሚሰጡ ዲሬክተሮች ናቸው እንጂ የዕለት ሥራውን የሚመሩ አይደሉም። በዋና ሥራ አስኪያጅነት ወንበር ላይ ለውጡ እጅግ ያዘገመ ነበር።

ወይዘሮ ሄሌና በ2017 ዴም የተባለውን የክብር ማዕርግ ተቀበሉ፤ በ2020ም የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሆኑ። ከዚያ አስቀድሞ በ2016 በተጀመረው፣ የወረት አስተዳደር ድርጅቶችን ባስተባበረው ሌላ ጥረት ሊቀ መንበር ሆነው፣ ጉዳዩን ከሴቶች አልፎ ወደ ዘር፣ ወደ አካል ጉዳትና ወደ ቤተ ሰብ አስተዳደግ አስፍተውታል።