ችግሩን ይዘው የተመረቁ

ጋዋኑ ተመልሷል፣ ፎቶው ተለጥፏል፣ የ«እንኳን ደስ አለህ» ስልክም ቀዝቅዟል። የቀረው ሲቪ ማዘጋጀትና ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ነው። እዚያ ከሚቆሙ ተመራቂዎች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አለ፦ «ዲፓርትመንቱን እኔ አልመረጥኩትም፤ ደርሶኝ ነው።» በተለይ እርሻ የደረሰው ልጅ ሕክምናና ኢንጂነሪንግ በገቡት ጓደኞቹ ፊት አንገቱን ይደፋል።

ለዚህ ልጅ ስለ ዓለማያ ልንገረው። የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማለቴ ነው፤ በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተገኘ እገዛ የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የተወለዱት ወሎንኮሚ፣ ምዕራብ ሸዋ ነው። ልጅ ሳሉ እሑድ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው፣ ሳምንቱን ተምረው፣ ዓርብ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ሐሳባቸው ኢንጂነሪንግ ነበር። «በእርሻ ብትሰማራ የበለጠ ትጠቅማለህ» ብለው ያግባቧቸው እናታቸው ናቸው። የእናትን ምክር ከሙያ ምክር የምንቆጥር ስንቶቻችን ነን?

በ1973 ከዓለማያ በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቁ። በዚያው ዓመት መምህራቸው ጆን አክስቴል ከሚባል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ጋር አስተዋወቋቸው። እንግዳው በአገሪቱ እየዞረ የማሽላ ዝርያ ሲሰበስብ የሚያግዘው ሰው ይፈልግ ነበር። ልብ በሉ፤ ለዲግሪ ባለቤት የቀረበው ሥራ ዛላ መልቀም ነው። «ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት?» የሚል ብዙ ነው። እሳቸው ሠሩት፤ አሳምረው ስለሠሩትም አክስቴል ወደ ፐርዱ ጋበዛቸው። በ1978 ዶክትሬታቸውን ያዙ።

ከዚያ ሱዳን ወርደው ያወጡት ድቅል ማሽላ፣ ሐጊን ዱራ-1፣ በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። ድርቅ ይችላል፤ ምርቱም ከአገሬው ዝርያ እጅግ ይበልጣል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «በቃኝ» ቢል ማንም አይፈርድበትም። ገቢሳ ግን ወደ አቀንጭራ ዞሩ።

አቀንጭራን የማሽላ አገር ሰው ያውቀዋል። ላዩን ሲያዩት ሐምራዊ አበባ ያለው ምስኪን ተክል ነው፤ ተንኮሉ ከመሬት በታች ነው። የደቀቀ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የማሽላ ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀው ኬሚካል አለ፤ ዘሩ የሚነቃው ያን ሲያገኝ ነው። ከነቃ በኋላ የራሱን ሥር ከማሽላው ሥር ሰክቶ ውሃውንና ምግቡን ይመጥጣል። ገበሬው አረሙን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ማሽላው ተበልቶ ቆይቷል፤ ማረሙ ዘግይቶ የሚደረግ ልፋት ነው። ገቢሳና የፐርዱ ባልደረባቸው ባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ሌላ መንገድ ያዙ። ዘሩን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል በጣም አሳንሶ የሚለቅ ማሽላ ይኖር ይሆን? ተፈልጎ ተገኘ፤ ጥሩ ምርት ከሚሰጡ ዝርያዎች ጋርም ተዳቀለ። በ1994 8 ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ጎብዬና አብሽር የሚባሉት ማሽላዎች የዚሁ ሥራ ፍሬ ናቸው።

ከምረቃው እስከዚያ ዘር 21 ዓመት ነው። የዓለም የምግብ ሽልማት ከነ250,000 ዶላሩ የመጣው ደግሞ በ2009፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ በ2023። እኛ የምናየው የሽልማቱን ፎቶ ብቻ ስለሆነ ነው በሁለት ዓመት ሥራ ተስፋ የምንቆርጠው።

ዶክተር ሰገነት ቀለሙም የተማሩት የዕፅዋት ሳይንስ ነው። ፍኖተ ሰላም ተወልደው ያደጉት ሰገነት፣ የአንበጣ መንጋ የሰፈሩን ሰብል ሲጨርስ በልጅነታቸው አይተዋል። ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1979 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ያኔ ዓለማያ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ነበር። አሜሪካ ተምረው፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ለ15 ዓመት ያህል በከብት መኖ ሣር በሽታዎችና ከሣሩ ጋር ተስማምተው በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ላይ ተመራመሩ። በ2007 ወደ አፍሪካ ተመለሱ። ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት የመሩት ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔን ነው። አንበጣ ያየችው ልጅ ነፍሳት የሚጠኑበት ቤት ኃላፊ ሆነች ማለት ነው! በ2014 የሎሬአል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማትም ተቀብለዋል።

የሁለቱም ጥያቄ የተነሣው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ዓለማያ የሰጣቸው ጥያቄውን የሚፈቱበትን መሣሪያ ነው። እናንተም መሣሪያው በእጃችሁ ነው። አካውንቲንግ ይሁን ነርሲንግ፣ ደርሷችሁም ይሁን መርጣችሁት ግድ የለም። ከዚህ ሳምንት ጀምሩ፦ ሰፈር ውስጥ ቡና ሲጠጣ በየዓመቱ የሚነሣውን ምሬት አድምጡ። ጎተራ የገባው እህል የሚነቅዘው ለምንድን ነው? የእድሩ ሒሳብ በየዓመቱ የሚያጣላውስ? ነፍሰ ጡሮቹ ጤና ጣቢያ የሚዘገዩትስ? ከእነዚህ አንዱን ምረጡና ወደ ባለጉዳዮቹ ሂዱ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋን፣ የእድሩን ዳኛ፣ አዋላጇን ጠይቁ። ያለ ደመወዝም ቢሆን ለማገዝ ፈቃደኛ መሆናችሁን ንገሯቸው፤ መዝገብ መገልበጥ ቢሰጧችሁ እንኳ እሺ በሉ።