ያገለገለ የአደን ጠበንጃ አፈ ሙዝ ጉዳት፤ ምርመራውና እድሳቱ

በአዝመራ ጊዜ ከርከሮና ዝንጀሮ ከዱር ወጥተው በቆሎውንና ማሽላውን ሲያጠፉ፤ ባለ እርሻው ካባቱ የወረሰውን ወይም ከሌላ ሰው የገዛውን አሮጌ ጠበንጃ ይዞ ማሳውን መጠበቁ በብዙ ስፍራ የቆየ ልማድ ነው። ይኹን እንጂ ጠበንጃው አፉ የተጎዳ እንደ ኾነ፤ ተኳሹ ምንም ያህል ብልኅ ቢኾን አረሩ ካሰበው ስፍራ አይደርስም። አውሬው ቆስሎ ወደ ዱር ይገባል፤ ጥይቱም በከንቱ ይጠፋል፤ ከኹሉ የሚከፋው ግን አረሩ ከማሳው ማዶ ያለውን እረኛ ሊመታ መቻሉ ነው። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች የጠበንጃን አፍ መመርመር ማወቃቸው ለሰብልም ለሰው ሕይወትም የሚጠቅም ነው።

አረር በቱቦው ውስጥ ካሉት ጥምዝ ጎድጎዶች የተነሣ እንደ እንዝርት እየሾረ ይወጣል። ሲወጣም በመጨረሻ የሚነካው የአፉን ጠርዝ ነው። ጠርዙ ዙሪያውን እኩል የኾነ እንደ ኾነ፤ ከኋላ የሚገፋው የባሩድ ጋዝ በኹሉም በኩል ባንድ ጊዜ ስለሚያመልጥ አረሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጠርዙ ባንድ በኩል የተሸረፈ ወይም የተበላ እንደ ኾነ ግን ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና የአረሩን ጭራ ወደ ጐን ይገፋዋል። በአፍ ላይ ያለች የስንዴ ቅንጣት የማታህል ሽርፍ በመቶ ሜትር ላይ ብዙ ስሕተት የምታመጣው ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ ከኖሩት ጠበንጃዎች መካከል ውጅግራና መውዜር ይገኛሉ። ውጅግራ በፈረንሳይ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 የወጣ፤ የአፉ ስፋት 11 ሚሊሜትር የኾነ ጠበንጃ ነው። የኋለኛው የጀርመን መውዜር ደግሞ 7.92 ሚሊሜትር ነው። እነዚህ ጠበንጃዎች ያረጁት በመተኰስ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ አፋቸውን የሚያበላሸው የባለቤቱ ትጋት ነው፤ ይኸውም አቧራ የያዘ የብረት ዘንግ በአፉ በኩል እያስገቡ ዘወትር መወልወል ጎድጎዶቹን ቀስ በቀስ ይሞርዳል። ኹለተኛው ምክንያት የአሮጌ ጥይት ነው፤ የመለኰሻው ቅመም ጨው ትቶ ስለሚያልፍ፤ ጨውም በዘይት ስለማይሟሟ፤ ሳይታጠብ ያደረ ቱቦ ይዝጋል። ሦስተኛው መውደቅና ከድንጋይ ጋራ መጋጨት ነው።

ምርመራው እንደሚከተለው ይፈጸማል።

1ኛ፤ ከኹሉ አስቀድሞ ጠበንጃው ከጥይት ባዶ መኾኑ ይረጋገጥ፤ ከኋላ የሚሳበው መዝጊያም ይውጣ። ጥይትም ካለበት ክፍል ይራቅ።

2ኛ፤ ቱቦው ከተወለወለ በኋላ አፉ በፀሐይ ብርሃንና በአጉሊ መነጥር ይታይ። የጎድጎዶቹ ጫፍ ስለታም ኾኖ ዙሪያውን እኩል መታየት አለበት። ጥቂት ጥጥ በጠርዙ ላይ ቢዞር ክሩ የሚያዝበት ቦታ ሸካራ ነው።

3ኛ፤ የአፉን መስፋት ለማወቅ ከቀለሁ የተለየ አረር ብቻውን በአፉ በኩል ይሞከር። የመውዜር አረር ውፍረቱ 8.2 ሚሊሜትር ገደማ ሲኾን፤ በጥምዞቹ መካከል ያለው ስፋት 7.9 ገደማ ስለ ኾነ፤ በደኅና አፍ ውስጥ የሾለው ክፍል ብቻ ገብቶ ይቆማል። ወፍራሙ ክፍል ያለ ግፊት ወደ ውስጥ የሚገባ እንደ ኾነ አፉ ተበልቷል ማለት ነው።

4ኛ፤ ጨርቅ የተጠመጠመበት ዘንግ ከኋላ በኩል ቀስ ተብሎ ይገፋ። ጨርቁ ጠብቆ ሲሄድ ቆይቶ ባንድ ቦታ ድንገት ቢላላ፤ ውስጡም እንደ ቀለበት ያለ ጥቁር ክብ ቢያሳይ፤ ቱቦው በዚያ ስፍራ ተነፍቷል። ይህ የሚኾነው አፉ በጭቃ ወይም በጨርቅ ተደፍኖ ሳለ የተተኰሰ እንደ ኾነ ነው። ስንጥቅ የታየበት ጠበንጃ ከቶ አይተኰስ።

5ኛ፤ ስንጥቅም መነፋትም ካልተገኘበት፤ ከኋላው የአፈር ግድግዳ ባለበት ስፍራ ጠበንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፎ በመቶ ሜትር ላይ አምስት ጥይት ይተኰስ። ቀዳዳዎቹ ተራርቀው ቢገኙ፤ ይልቁንም አረሩ ጐኑን መትቶ ሞላላ ቀዳዳ ቢያወጣ ጉዳቱ ከባድ ነው። ነገር ግን አፉ ደኅና ሲኾን የእንጨቱ ብሎን መላላትም እንዲህ ስለሚያደርግ እርሱ አስቀድሞ ይጠበቅ።

እድሳቱ እንደ ጉዳቱ መጠን ይለያያል። ጉዳቱ በጠርዙ ላይ ያለ ትንሽ ሽርፍ ብቻ እንደ ኾነ፤ ራሱ እንደ ግማሽ ኳስ ክብ የኾነና ከቱቦው ስፋት የሚበልጥ የቢጫ ናስ ብሎን ይዘጋጃል። ከአፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቱቦው በዘይት በራሰ ጨርቅ ይደፈናል። ከዚያም መካኒኮች የሞተር ቫልቭ የሚያስማሙበት ደቃቅ ቅባት በብሎኑ ራስ ላይ ተቀብቶ፤ በእጅ መሰርሰሪያ ቀስ ተብሎ ይዞራል፤ መሰርሰሪያውም ባንድ ወገን እንዳይበላ ዘወትር በክብ ይወዛወዛል። በጠርዙ ላይ ዙሪያውን እኩል የኾነ ብሩህ ክብ ሲታይ ሥራው ተፈጽሟል። ከዚያ ቅባቱ ተጠርጎ ጨርቁ ከኋላ ወደ አፉ ተገፍቶ ይወጣል፤ ቱቦውም ይታጠባል።

አፉ ወደ ውስጥ ዘልቆ የተበላ ወይም የተነፋ እንደ ኾነ ግን ይህ አይበቃም። የተበላውን ያህል ቱቦውን ከውስጥ በሰፊው መቦርቦር ወይም ጫፉን መቍረጥ ያስፈልጋል፤ ይህም በቶርኖ እንጂ በሞረድና በመጋዝ ብቻ ቀጥ ብሎ አይሠራም። ሲቈረጥ የፊቱ ማነጣጠሪያ ቦታውን ስለሚለቅ እንደ ገና ተተክሎ መስተካከል አለበት። አረሩም ለአንድ ሴንቲሜትር ቍራጭ በሴኮንድ 3 ሜትር ገደማ ፍጥነት ያጣል፤ ይህ ለሰብል ጠባቂ የሚያሳስብ አይደለም። የእድሳቱ ዋጋ ከጠበንጃው ዋጋ የሚበልጥ እንደ ኾነ ግን መተዉ ይሻላል።

ሹማምንትም ይህን ማስተዋል ይገባቸዋል። በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ የተከለከለ ነው፤ የዱር አራዊት ማደንም ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ማንም ጠበንጃ ለእድሳት ሲሰጥ ፈቃዱ ይታይ፤ ሠሪውም የተፈቀደለት ይኹን፤ የተመዘገበውም ቍጥር አይነካ።

ከታደሰ በኋላ ጥበቃው ቀላል ነው። መውዜርም ውጅግራም መዝጊያቸው ስለሚወጣ ዘወትር ከኋላ ይወልወሉ፤ በአሮጌ ጥይት የተተኰሰውም በዕለቱ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፤ ደርቆ፤ ዘይት ይቀባ። አፉን የጠበቀ ባለ ጠበንጃ ጥይቱን ይቈጥባል፤ ማሳውንም ይጠብቃል፤ ከማዶ ያለው ጎረቤቱም ያለ ስጋት ያድራል።