ልጆችን ወደ ሐይቅ ዳር ስንወስድ፦ ዐደራን ተረክቦ ዐደራን ስለ መመለስ



ስለ ምሥጢረ ጥምቀት በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ እናስተምራለን። ልጆቹም ውሃ የሕይወት፣ የመንጻትና የአዲስ ልደት ምልክት መሆኑን ሲጠየቁ በቃላቸው ይመልሳሉ። ይሁን እንጂ በጆሮ የተሰማው ትምህርት በዓይን በታየ ጊዜ ይበልጥ ሥር ይሰዳል። ጌታችንም የመጀመሪያዎቹን ደቀ መዛሙርቱን የጠራው በባሕር ዳር ሲመላለስ ነው (ማቴ. 4፥18-22)፤ ሕዝቡንም በጀልባ ተቀምጦ አስተምሯል (ሉቃ. 5፥3)። ስለዚህ በሐዋሳና በአካባቢዋ ያለን መምህራን ልጆቻችንን ይዘን ወደ ሐይቁ ዳር ብንወርድ፣ የሚደገፍ እንጂ የሚነቀፍ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ጥምቀትን ከሞትም ከትንሣኤም ጋር አያይዞ ያስተምራል (ሮሜ 6፥3-4)። ውሃ ሕይወት ይሰጣል፤ ሕይወትም ይወስዳል። የመጀመሪያውን እያስተማርን ሁለተኛውን ከዘነጋን፣ ለትምህርት የወጣው ጉዞ ለኀዘን ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍም የተዘጋጀው ስለዚሁ ነው።

ከራሳችን ስሕተት የተማርነው

ከብዙ ዓመታት በፊት 43 ልጆችን ይዘን ወደ አንድ ሐይቅ ዳር ወርደን ነበር። ዐዋቂዎቹ አምስት ነበርን። ጸሎት ተደረገ፤ መዝሙር ተዘመረ፤ ልጆቹም ለጨዋታ ተሰማሩ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ዳቦ ስናድል አንድ ዳቦ ተረፈ። ደግመን ብንቆጥር ልጆቹ 42 ሆኑ።

የጠፋው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ጫማው ከእግሩ ወልቆ ውሃው ስለ ወሰደበት፣ ከሸምበቆው ወዲያ ማዶ እስከ ወገቡ ገብቶ ሲከተለው አንድ ዓሣ አጥማጅ አይቶ በክንዱ ይዞ አወጣው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ። ማታ ነገሩን ለእናቱ በነገርናቸው ጊዜ ግን አልተቆጡም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «ማን ነበር የሚያየው?» አሉ።

መልስ አልነበረንም። አምስታችንም በስፍራው ነበርን፤ አምስታችንም ልጆቹን እንወድ ነበር። ሆኖም እያንዳንዳችን ሌላው ያያል ብለን ነበር። ሁሉ ይጠብቀዋል የተባለ ልጅ ማንም የማይጠብቀው ልጅ ሆኖ መገኘቱን ያን ዕለት ተረዳን። ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ጉዞ የምናቅደው በእኒያ እናት ጥያቄ ነው።

ፍርሃታችንም ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች በውሃ ሰምጠው ሞተዋል። ከአሥሩ ሟቾች አራቱ ያህል ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነበር። የሚሰምጥ ልጅ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ በውሃ ተይዟልና። እጁንም ለማውለብለብ አይችልም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ድምፅ ሳይሰማ ይጠልቃል። ስለዚህ ጠባቂ በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ መጠበቅ አለበት።

ሐይቁን አስቀድሞ ማወቅ

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ20 ሜትር ይበልጣል። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። በዚህም ምክንያት የውሃው ከፍታ እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል፤ ዐምና ደረቅ የነበረው ስፍራ ዘንድሮ ረግረግ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ልጆችን ከመውሰድ በፊት ባለው ሳምንት ሁለት ኀላፊዎች ወርደው ስፍራውን በዓይናቸው ሊያዩት ይገባል የምንለው ስለዚህ ነው። ሲያዩም አራት ነገሮችን ያስተውሉ።

አንደኛ፣ ጉማሬ። ጉማሬ ቀን በውሃ ውስጥ ይውላል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። ከእርሱና ከውሃው መካከል የገባ ሰው ታላቅ አደጋ ላይ ነው። ከሸምበቆና ከጥቁር ውሃ መግቢያ አካባቢ መራቅ፣ በማለዳ ጨለማም ሆነ በምሽት አለመገኘት ያስፈልጋል። የት የት እንደሚታይ ከዓሣ አጥማጆቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ እነርሱን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቢልሃርዚያ። ይህ በሽታ በዚህ ሐይቅ ይገኛል። ጥገኛው ትል በውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። ውሃው ንጹሕ መስሎ መታየቱ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ የእኛ ደንብ፣ ጉዞው ለማየትና ለመማር እንጂ ለመዋኘት አለመሆኑ ነው። ድንገት የገባ ልጅ ቢኖር ወዲያውኑ በፎጣ አጥብቆ ማድረቅ፣ ለወላጆቹ መንገር፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላም ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመርመር ይገባል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኀኒት በሽታውን ይፈውሳል።

ሦስተኛ፣ ነፋስ። ማለዳ ጸጥ ያለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሊናወጥ ይችላል። በጀልባ መሄድ ቢታሰብ ማለዳ ይሁን። ላይፍ ጃኬት የሚባለው የመንሳፈፊያ ሰደርያ በልጆቹ ቁጥርና በሰውነታቸው ልክ ካልተገኘ ጀልባው ይቅር። ባለጀልባው ከልክ በላይ ልጫን ቢል እሺ አንበል።

አራተኛ፣ የዳሩ አቀማመጥ። ድንጋዩ የሚያንሸራትት፣ ጭቃው የሚውጥ፣ ገደሉ ድንገት የሚጠልቅ ስፍራ ተለይቶ ይታወቅ። ሜዳ የሆነ፣ ጥላ ያለው፣ ከውሃው ቢያንስ 20 እርምጃ የራቀ የመቀመጫና የመጫወቻ ስፍራ ይመረጥ።

ሀ/ ከመነሣት በፊት

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት ዝናብ ስለማይበዛባቸው የተሻሉ ናቸው። ጠዋት በ2 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መመለስ ይበቃል። ዕለቱ የነጎድጓድ ምልክት ካሳየ ጉዞው ይተላለፍ፤ ልጆቹ ቢያዝኑም ኀዘኑ ነገ ያልፋል።

ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ በጽሑፍ ፈቃድ እንቀበል። በወረቀቱም የልጁ ሙሉ ስም፣ የወላጅ ስልክ ቁጥር፣ የሚጥል በሽታ ወይም አስም እንዳለበት፣ መድኀኒት ይወስድ እንደሆነ ይጻፍ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከጉዞው አይገለል፤ ነገር ግን አንድ ዐዋቂ ከአጠገቡ አይለይ።

የጠባቂዎችን ቁጥር በተመለከተ የምንከተለው ደንብ ይህ ነው፦ ከ7 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከወላጁ ጋር ካልሆነ አይሂድ፤ ከ7 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ አራት ልጆች አንድ ዐዋቂ፤ ከ10 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ስድስት ልጆች አንድ ዐዋቂ። ይህን የሚያሟላ ሰው ካልተገኘ የልጆቹ ቁጥር ይቀነስ። ከጠባቂዎቹ መካከል ወንዶችም ሴቶችም ይኑሩ። ማንም ዐዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ከሰው ዓይን አይሰወር፤ ለመጸዳዳት የሚሄዱትም ሁለት ሁለት ሆነው፣ ሴቶቹ ከሴት ጠባቂ፣ ወንዶቹ ከወንድ ጠባቂ ጋር ይሁን።

ለ/ በሐይቁ ዳር

ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ከፍለን ለየቡድኑ የሐዋርያ ስም ብንሰጥ፣ የጴጥሮስ፣ የእንድርያስ፣ የያዕቆብ፣ የዮሐንስ እያልን ስንጠራ መቁጠሩ ይቀላል፤ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል። እያንዳንዱ ልጅ ጥንድ ይኑረው፤ ጥንዱ ሲጠፋበት ወዲያው ለመምህሩ ይንገር። ስንነሣ፣ ስንደርስ፣ ከጨዋታ በፊት፣ ከጨዋታ በኋላ፣ ስንመለስም እንቆጥራለን። ቁጥሩን በቃል ብቻ አንያዘው፤ ስም በስም ከዝርዝሩ ጋር እናመሳክር።

ከቡድን መሪዎቹ ሌላ ሁለት የውሃ ጠባቂዎች ይመደቡ። ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፤ በልጆቹና በውሃው መካከል ቆመው መመልከት። ምግብ አያድሉ፤ መዝሙር አይምሩ፤ ስልካቸውን ያስቀምጡ። ከሩቅ እንዲለዩ ቀይ ሻሽ ይሰሩ። የሰው ዓይን ስለሚደክም በየ20 ደቂቃው ይለወጡ፤ ተረኛው ሻሹን ተቀብሎ «ተረክቤያለሁ» ሳይል የቀድሞው ከስፍራው አይንቀሳቀስ። «ማን ነበር የሚያየው?» ለሚለው ጥያቄ በማናቸውም ደቂቃ አንድ የታወቀ ስም መልስ ይሆናል።

ሐ/ አደጋ ቢደርስ

ዋና የማይችል ሰው ሌላውን ለማዳን ዘሎ ቢገባ አንድ ሞት ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ከዳር ሆነን ረጅም ዘንግ እናቀብል፤ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስረን እንወርውር። ጀሪካን ይንሳፈፋል፤ በየቤታችንም አለ። ገመድና ጀሪካን ሳይያዝ ወደ ውሃ ዳር አይወረድ።

ከውሃ የወጣን ልጅ በእግሩ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል ወይም ሆዱን መጫን የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ጊዜ ያባክናል፤ ይጎዳልም። ልጁ የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝቶ፣ ራሱን በመጠኑ ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ አፍንጫውን ይዞ በአፉ በኩል ከ2 እስከ 5 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፤ ቀጥሎም የደረቱን መካከል 30 ጊዜ በፍጥነት መጫን፣ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፣ እርዳታ እስኪደርስ ይህንኑ መደጋገም ነው። ይህ ከጽሑፍ ብቻ የሚለመድ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ስለሚሰጥ፣ እያንዳንዱ ቁምስና ቢያንስ ሁለት መምህራንን ቢያሠለጥን መልካም ነው። ነፍሱን ያወቀ ልጅም ደህና መስሎ ቢታይ እንኳ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

መ/ ትምህርቱና መመለሱ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ደስታውን የሚያጠፋ አይደለም፤ በተረጋጋ ልብ እንድናስተምር ይረዳናል እንጂ። ልጆቹ መረባቸውን የሚጠግኑትን ዓሣ አጥማጆች ይዩ፤ ቆሮሶና አምባዛ ለይተው ይወቁ፤ ማዕበሉን ጸጥ ያሰኘውን ጌታ ታሪክ (ማር. 4፥35-41) ውሃውን እያዩ ይስሙ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ስለ ውሃ ጉዳይ በሰፊው አስተምረዋል። መውጫ ወንዝ በሌለው ሐይቅ የተጣለ ፕላስቲክ የትም እንደማይሄድ ልጆቹ ዳር ቆመው ቢያዩ ትምህርቱ ይገባቸዋል። የመጡበትን ቆሻሻ ይዘው ይመለሱ።

በመጨረሻም ጉዞው የሚያበቃው መኪናው በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲቆም አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ ለመጣለት ሰው በእጅ ተሰጥቶ፣ በስሙም አጠገብ ምልክት ተደርጎ ሲያበቃ ነው። መልካሙ እረኛ በጎቹን በስማቸው ይጠራል (ዮሐ. 10፥3)፤ አንዲቱ ብትጎድል ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ይፈልጋታል (ሉቃ. 15፥4)። አንዲቱ መጉደሏን ያወቀው ግን ስለ ቆጠረ ነው። እንግዲህ መቁጠር ከእረኝነት ሥራ ውጭ አይደለም፤ የፍቅር ሥራ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ባለፈው ጉዞ «ማን ነበር የሚያየው?» ብንባል ምን እንመልስ ነበር?
2. ከመምህራኖቻችን ዋና የሚችል፣ የመጀመሪያ እርዳታም የሠለጠነ ማን አለ?
3. ወላጆች ልጆቻቸውን ለእኛ ሲሰጡ ምን ዓይነት ዐደራ እንደ ተረከብን እንዴት እናሳያቸዋለን?

እግዚአብሔር የልጆቻችንን መውጣትና መግባት ይጠብቅ። አሜን።