የመኖሪያ አድራሻን በጊዜው አለማስታወቅ የሚያስከትለው ጉዳት
በውጭ አገር ዘመድ ላላቸውና የውጭ አገር ሰው ለሚቀጥሩ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያቸው ገጠር ብዙ ወጣቶች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። የመንገዳቸውን ወጪ የሸፈነው አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴው አባት ወይም አጎት ነው። ቤተ ዘመድም ተጓዡን ሲሸኝ ብርዱንና ክፉ ባልንጀራን እንዲጠነቀቅ ይመክረዋል፤ ስለ አድራሻ ግን የሚናገረው የለም። ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብና ድካም የፈሰሰበት ኑሮ፣ ቤት ሲለወጥ ባልተጻፈ አንድ ማስታወቂያ ምክንያት ሊናጋ ይችላል።

የስሕተቱ መነሻ

ይህ ስሕተት የሚመጣው ከስንፍና ብቻ አይደለም፤ ከአገር ልማድም ይመጣል። በኢትዮጵያ ደብዳቤ የሚላከው በፖስታ ሣጥን ቍጥር ነው። አንድ የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ቀበሌ ቤቱን ቢያዛውር፣ የሣጥኑ ቍጥር እስካልተለወጠ ድረስ ደብዳቤው አይጠፋበትም። ቤቱንም የሚፈልገው ሰው በገበያው ወይም በቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ጠይቆ ያገኘዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ደብዳቤው የሚሄደው እስከ ቤቱ በር ነው። መንግሥት ባለጉዳዩን የሚያውቀው በመዝገብ በሰፈረው አድራሻ ሲሆን፣ ወደዚያ አድራሻ የላከውን ጥሪ ሰውየው ባያነበውም እንኳ በሕግ እንደ ደረሰው ሊቈጥረው ይችላል።

የአሜሪካ ሕግ

በአሜሪካ የውጭ አገር ሰዎች ምዝገባ ሕግ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1940 ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ደግሞ የውጭ አገር ሰው አድራሻውን በለወጠ በ10 ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ ደነገገ። በዚያን ዘመን እያንዳንዱ የውጭ አገር ሰው በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር አድራሻውን የማስታወቅ ግዴታ ነበረበት። ይህ ዓመታዊ ግዴታ በ1981 ዓ.ም. ቀርቷል፤ የ10 ቀኑ ግዴታ ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል። ማስታወቂያው የሚቀርበው ኤ.አር. 11 በተባለው ቅጽ ወይም በኢንተርኔት ነው።

ግዴታው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውንም ይጨምራል፤ ዜግነት ያገኙትና ዲፕሎማቶች ነጻ ናቸው። ተማሪ የሆነ ሰው በዚያው በ10 ቀን ውስጥ ለትምህርት ቤቱ ኀላፊ ያስታውቃል። ዘመዱን በዋስትና ያስገባ ሰው ደግሞ የራሱን አድራሻ ሲለውጥ በ30 ቀን ውስጥ የማስታወቅ ሌላ ግዴታ አለበት።

ግዴታውን ያልፈጸመ ሰው በሕጉ ቃል መሠረት እስከ 200 ዶላር መቀጫ፣ እስከ 30 ቀን እስራት ወይም ሁለቱም ይፈረድበታል። በአጠቃላዩ የመቀጫ ሕግ የገንዘቡ ልክ እስከ 5,000 ዶላር ሊደርስ እንደሚችል የአገሩ መንግሥት በ2025 ዓ.ም. አመልክቷል፤ በዚያው ዓመትም የምዝገባውን ሕግ አጥብቆ እንደሚያስፈጽም አስታውቋል። ከዚህም በላይ ጥፋተኛው ከአገር ሊባረር ይችላል። ነገር ግን መዘግየቱ በቂ ምክንያት እንደነበረው፣ ወይም ሆን ተብሎ የተደረገ እንዳልሆነ ያስረዳ ሰው ከመባረር ይድናል።

ከመቀጫው የሚከፋው ጉዳት

ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የተያዘበት ሰው ከሁሉ የበለጠ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። እንዲህ ያለው ሰው ኢ.ኦ.አይ.አር. 33 በተባለው ቅጽ አድራሻውን በ5 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ማስታወቅ አለበት። ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማስታወቁ ለፍርድ ቤቱ እንዳስታወቀ አያስቈጥርለትም፤ ለፖስታ ቤት መንገርም ሁለቱን አይተካም።

ለምሳሌ ያህል አንድ ጥገኝነት የጠየቀ ወጣት ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ እንበል። የቀጠሮው ወረቀት ወደ ቀድሞው ቤት ይሄዳል፤ በዚያ የሚኖረው አዲስ ሰውም የማያውቀውን ስም አይቶ ይጥለዋል። ቀኑ ሲደርስ ወጣቱ አይገኝም፤ ዳኛውም በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ሊወስንበት ይችላል። በኋላ «ጥሪው አልደረሰኝም» ብሎ ቢከራከር፣ አድራሻውን ሳያስታውቅ የቀረው እርሱ ራሱ ስለሆነ ክርክሩ ይደክማል። እንዲህ ያለው ውሳኔ እስከ 10 ዓመት ድረስ ሌሎች የፈቃድ መንገዶችን ሊዘጋበት ይችላል። ማስረጃው እውነት፣ ምስክሮቹም የታመኑ ቢሆኑ እንኳ ሳይሰሙ ይቀራሉ።

በሌሎች አገሮች

በጀርመን ቤት የለወጠ ሰው ሁሉ፣ የአገሩ ተወላጅም ቢሆን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመዘገባል፤ የዘገየ ሰው እስከ 1,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። በጃፓን የጊዜው ገደብ 14 ቀን ሲሆን መቀጫው እስከ 200,000 የን ይደርሳል። ያለ በቂ ምክንያት 90 ቀን ያሳለፈ ሰውም የመኖሪያ ፈቃዱ ሊሰረዝበት ይችላል። እንግዲህ ቀኑና መቀጫው በየአገሩ ቢለያይም የሕጉ ሐሳብ አንድ ነው።

በአገር ውስጥ ለሚሠሩ ነጋዴዎች

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 በሕጋዊ መንገድ በአገሩ ለሚገኝ የውጭ አገር ሰው የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ነጻነት ይሰጠዋል። የመግባቱና የመኖሩ ሥርዓት ደግሞ በኢሚግሬሽን ዐዋጅ ቍጥር 354/1995 ይመራል። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት የውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ይሰጠዋል፤ በየዓመቱም ይታደሳል።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአካባቢው ስላለ፣ የውጭ አገር ባለሙያ መቅጠር ለምዕራብ ጎጃም ነጋዴ የራቀ ነገር አይደለም። አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ወደ ቡሬ ሲዛወር አሠሪው የሥራ ውሉን ብቻ አዘጋጅቶ ዝም ሊል አይገባውም፤ የሠራተኛውን አዲስ አድራሻ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎትና ለሥራ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባዋል። ሱቁን አዛውሮ የንግድ መዝገቡን ያላስተካከለ፣ የግብር ጥሪም ያመለጠው ነጋዴ የዚህን ነገር ክብደት ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሊደረግ የሚገባው

አንደኛ፤ ቤት የለወጠ ሰው ማስታወቂያውን ዕቃውን ባጓጓዘበት ሳምንት ይላክ።

ሁለተኛ፤ ቀኑ የሚቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አይርሳ። የካቲት 22 ቀን የተዛወረ ሰው ለአሜሪካ መንግሥት የተዛወረው ማርች 1 ቀን ነው፤ አሥሩም ቀን ማርች 11፣ ማለት መጋቢት 2 ቀን ይፈጸማል።

ሦስተኛ፤ የላከበትን ደረሰኝ ወይም የማረጋገጫ ቍጥር ይያዝ፤ አንድ ቅጂም ለቤተ ዘመድ ይላክ።

አራተኛ፤ ስሙ በመዝገቡ እንደ ተጻፈው ሆኖ በደብዳቤ ሣጥኑ ላይ ይለጠፍ።

አምስተኛ፤ ጊዜው ያለፈበት ሰው ፈርቶ አይደበቅ። ዘግይቶ ማስታወቅ ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል፤ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ከሆነ ግን አስቀድሞ ጠበቃ ያማክር።

ልጁን በውጭ አገር ያኖረ አባት በስልክ ሲያነጋግረው ጤናውን ከጠየቀ በኋላ «ቤት ለውጠሃል ወይ? ለለወጥከውስ ቤት አስታውቀሃል ወይ?» ብሎ ቢጨምር፣ የደከመበትን ሀብት መጠበቁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዛሬ በአንድ ገጽ ወረቀት የሚፈጸመው ሥራ ነገ በብዙ ሺህ ዶላርም ላይቃና ይችላል።